ከዳንግላ ሚኒባስ የፈጠነው የአያ ቢሻው ፈረስ

ታኅሣሥ 26፣ 2008፣ ማክሰኞ

እንጅባራ ዛሬም ጉሟን አላወለቀችም። ጠዋት በኮሌጁ በር ሳልፍ የጥበቃውን ሰላምታ ሰማሁ እንጂ ጥበቃውን አላየሁትም።

ጠረጴዛዬ ላይ የዲኑ ደብዳቤ ጠበቀኝ። የተጻፈው ለፊዚክስ ክፍል ኃላፊ ለመምህር ዓባይነህ ነው፤ ደብዳቤ መክፈት ደግሞ የጸሐፊ ሥራ ነው። አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ ከፍቼ እንደገና አነበብኩት። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቢያንስ አሥራ አምስቱ እስከ የካቲት 18 ፊዚክስን መርጠው ካልተመዘገቡ ክፍላችን ታጥፎ ከሒሳብ ክፍል ጋር ይቀላቀላል።

ሒሳብ ክፍል ጸሐፊ አለው። ይህን የጻፍኩት እንዲያው ለመረጃ ያህል ነው።

አሁን በእጃችን ያሉት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ተደምሮ፣ አሥራ አንድ ተማሪዎች ናቸው። አንዱ ሽባባው ነው። ሽባባው ክፍል የሚገባው ትምህርቱ ከተጋመሰ በኋላ ስለሆነ እንደ አንድ ሙሉ ሰው ይቆጠር አይቆጠር አከራካሪ ነው።

እስከ ምሳ ሰዓት ግቢው ሁሉ ስለ ደብዳቤው ሰምቷል። ማን እንዳወራው አላውቅም። እኔ የነገርኩት ለይታይሽ ብቻ ነው፣ ሻይ ቤቱን ለምትሠራው።

ሌላ ደግሞ፦ እሑድ ለቤቴ መጋረጃ ልክ ወስጄ ጨርቁን ለልብስ ሰፊው ሰጠሁ። ያለችኝ አንዲት መስኮት ብትሆንም በስንዝር አልለካኋትም። በወጉ ነው፣ እስከ ሚሊ ሜትሩ። ጨርቁ ሰማያዊ ነው።

ጥር 4፣ ረቡዕ

የክፍሉ ስብሰባ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤ ላይ የማይጻፈውን እዚህ እጽፋለሁ።

መምህር ዓባይነህ «ተማሪ በምን እንሳብ?» ብሎ ጠየቀ። የላብራቶሪው ባለሙያ ይሄነው ክርኑ ላይ የተጣፈ ግራጫ ሹራቡን ለብሶ ጥግ ተቀምጧል። ሹራቡን የጠቀስኩት ብርዱ ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት ነው።

ቤዛዊት እጇን አወጣች። ሦስተኛ ዓመት ናት፣ የዳንግላ ልጅ፣ የተማሪዎች ተወካይ። ስትናገር ማንንም አትለማመጥም።

«ቲቸር፣ ሰው ፊዚክስን የሚጠላው የማያውቀው ኳስ ከማያውቀው ፎቅ ላይ ስለሚወድቅበት ነው። የሚያውቀውን ነገር እንለካለት።»

«ምን ለምሳሌ?»

«ፈረስ።»

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። የአዊ ሰው ፈረሱን ሸልሞ እንጅባራ ይገባል። ከአንደኛ ዓመቶቹ ግማሹ ቤታቸው ፈረስ አለ፤ የሌላቸውም እንዳላቸው ያወራሉ። የቤዛዊት ሐሳብ ይህ ነው፦ በዓሉ በተጠናቀቀ ማግስት ሳይሆን በዕለቱ፣ ከጨዋታው ጎን፣ አንድ ታዋቂ ፈረስ በተለካ መንገድ ላይ ይሮጣል፤ ርቀቱ ለፈጀበት ጊዜ ይካፈላል፤ ፍጥነቱ እኔ በምጽፋት ወረቀት ላይ ይወጣል።

ወረቀቴ «ወሬ ከፊዚክስ ክፍል» ትባላለች። በየሳምንቱ አንድ ገጽ ጽፌ መስተዋት ባለው ሰሌዳ ውስጥ እለጥፋታለሁ። የመስተዋቱ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው። ከዲኑ ማስታወቂያ ይልቅ የእኔ ይነበባል ይላሉ። እኔ አላልኩም፣ ይላሉ ነው ያልኩት።

ጥር 16፣ ሰኞ

ሜትሩ ጠፋ። የላብራቶሪው ባለ ሃምሳ ሜትሩ፣ ክብ ቢጫው።

ይሄነው ሣጥኑን ሁሉ ገለበጠ። «ታኅሣሥ ላይ እዚህች ነበር። በእጄ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ዘመኑ የሌባ ነው» አልኩት። ጆሮዬ ጋለ። ብርድ ሲበረታ ጆሮ እንዲህ ያደርጋል።

ከሁሉም በላይ የፈለግሁት እኔ ነኝ። ማንም ወዳልደረሰበት ቁም ሣጥን ሥር ሁሉ ገባሁ። ከሥራ ስወጣ በሰፊው በኩል አለፍኩ፤ ሱቁ ተዘግቷል። ለዘመዱ ሠርግ ጫግኒ እንደወረደ ጎረቤቱ ነገረኝ። መቼ እንደሚመለስ ጠየቅሁ። «የጫግኒ ሙቀት የያዘው የእንጅባራ ሰው ቶሎ ይመለሳል?» አለኝ።

የጠየቅሁት ስለ መጋረጃዬ ነው።

ጥር 19፣ ሐሙስ

አዲስ ሜትር ይገዛ ብለን ብንጠይቅ ለፋሲካም አይደርስም። ሽባባው መፍትሔ አመጣ፤ ለዚያውም በሰዓቱ።

የእናቱ ወንድም አያ ቢሻው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው የሚኖሩት፤ ሽባባውም የሚያድረው ከእሳቸው ዘንድ ነው። የአገሩ መሬት ለኪ ሽማግሌ ናቸው። ወንድማማች መሬት ሲካፈል፣ ጎረቤት በድንበር ሲጣላ፣ የአያ ቢሻው ገመድ ይዘረጋል፣ ጠቡም ይበርዳል። እኛ የምንለካው ፈረስም የእሳቸው ነው። ቦራ ይባላል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው።

ሽባባው ገመዱን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። «ድፍን ሃምሳ ሜትር» አለ።

ይሄነው አገላብጦ አየው። «ቋጠሮ በዛበት።»

«ገመድ ሲበጠስ ይቋጠራል። ታዲያ ሊጣል ኖሯል?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

መምህር ዓባይነህ ጣልቃ ገባ። «አያ ቢሻው ሃምሳ ነው ካሉ ሃምሳ ነው። እሳቸውን መጠራጠር ነውር ነው።»

ነውር መሆኑን ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀለል አለኝ።

ጥር 23፣ ሰኞ

እየተጣደፍኩ ነው። ፈረስ በፈረስ። አቧራ። ጌጥ የሌለው ልጓም አላየሁም።

አራት ገመድ ተለካ። ሁለት መቶ ሜትር። ሽባባው መነሻው ላይ በቀይ ጃንጥላ። ቤዛዊት መድረሻው ላይ በስልኳ።

አያ ቢሻው ራሳቸው ጋለቡ። ስልሳ ያለፉ ሰው። አንድ ጊዜ ብቻ ተነፈስኩ።

አሥራ አንድ ሰከንድ።

ይሄነው ከአጠገቤ ቆሞ ነበር። አጋጣሚ።

ጥር 24፣ ማክሰኞ

ሁለት መቶ ሜትር በአሥራ አንድ ሰከንድ፤ በሰዓት ስልሳ አምስት ኪሎ ሜትር። ሒሳቡን የሠራችው ቤዛዊት ናት። ርእሱ የእኔ ነው፦ «ከዳንግላ ሚኒባስ የፈጠነ ፈረስ እንጅባራ ተገኘ።»

መስተዋቱ ፊት ሰው እንደ ንግሥ ተሰበሰበ። ይታይሽ ሻይዋን ጥላ መጥታ አነበበች። አንዱ ተማሪ «ሚኒባስ እኮ በየመንገዱ ሰው ይጭናል» ብሎ ተከራከረ፤ ሌላው «ቦራም ጌታውን ጭኗል» አለው።

እስከ ዛሬ ፊዚክስን የመረጡት አራት ብቻ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሆኑ።

ጥር 27፣ ዓርብ

አሥራ ሦስት።

አያ ቢሻው ወረቀቱን ሊያዩ መጡ። ነጭ ጋቢ፣ የተወለወለ ቦት ጫማ። ከልጃቸው የተወለደችው ምህረቴ አንደኛ ዓመት እዚሁ ትማራለች፤ እሷ ናት እያነበበች ያሰማቻቸው። ሦስት ጊዜ አስነበቧት። «ስልሳ አምስት» የሚለው ቦታ ሲደርስ በዱላቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ።

«አንች ልጅ፣ ከዚህ ወረቀት ለእኔም አንድ ስጭኝ። መስተዋት ውስጥ አስገብቼ ቤቴ እሰቅለዋለሁ።»

«እሺ አያ።»

«ማኅተም አለው?»

አልነበረውም። አደረግሁበት። የክፍሉን ክብ ማኅተም፣ ስልሳ አምስቷ አጠገብ። ደስታቸው ተጋባብኝ።

ምህረቴን «ፊዚክስ አትመርጭም?» አልኳት።

«ባዮሎጂ ነው የሞላሁት።»

«የአያትሽን ፈረስ ለክተን?»

«ቦራ ፈጣን መሆኑን ድሮም እናውቃለን፣ እትዬ። ፊዚክስ ምን ጨመረ?»

አፏ እንደ አያቷ ዱላ ነው።

የካቲት 3፣ ሐሙስ

አሥራ ዘጠኝ! የሒሳብ ክፍል ጸሐፊ ዛሬ ሰላም አላለችኝም። እኔ ግን ሰላም አልኳት፤ ሁለት ጊዜ።

የካቲት 7፣ ሰኞ

የማልፈልገውን ልጻፍ።

ቦራ የሮጠበት መንገድ ከግቢው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ስለነበር ምልክት ያደረግንባቸው ችካሎች አሁንም እዚያው አሉ። ዛሬ ጠዋት ሽባባው እንደ ወትሮው አርፍዶ በሜዳው እየሮጠ መጣ። ቤዛዊት መስኮት ላይ ሆና ከአንዱ ችካል እስከሚቀጥለው፣ አንድ ገመድ ማለት ነው፣ ሰዓት ያዘችበት። አምስት ነጥብ ሰባት ሰከንድ።

ላብራቶሪ ውስጥ ሁላችንንም ሰበሰበችን።

«ሃምሳ ሜትር በአምስት ነጥብ ሰባት። ደብተር ተሸክሞ፣ የጫማው ክር ተፈትቶ። በዚህ ሒሳብ ሽባባው ከዓለም ሯጮች ጋር ይሰለፋል።»

ሽባባው ደስ አለው። «ተሰጥዖ ነው» አለ።

«ወይ ሽባባው ጀግና ነው፣ ወይ ገመዱ አጭር ነው» አለች ቤዛዊት። «ሽባባውን ሦስት ዓመት አውቀዋለሁ።»

ሳቅን። ሽባባው ግን ቀስ ብሎ ገባው፤ ፊቱ ወረደ። «በዚህ ገመድ እኮ አገር ተካፍሏል። አጎቴን ሌባ ልትሏቸው ነው?»

ሳቁ ቆመ።

ይሄነው «ሜትሩ ቢኖር ኖሮ አሁኑኑ ይለይ ነበር» አለ። ወደ እኔ አላየም። ወደ እኔ አለማየቱን ያስተዋልኩት ለምን ይሆን?

የካቲት 8፣ ማክሰኞ

ሰፊው ከጫግኒ ተመለሰ። መጋረጃው ደርሷል። ጨርቁ ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣ ሌላ ዕቃም ነበር። «እትዬ፣ ይህንንም ረስተሽ ነበር» አለኝ። ቤት ስደርስ መጋረጃውን አልሰቀልኩም። ተቀምጬ ዕቃውን አየሁት። ቢጫ ነው።

የካቲት 9፣ ረቡዕ

ሜትሩ ተገኘ። ላብራቶሪው ውስጥ፣ ከሚዛኑ ጀርባ። ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ሰው ሳይገባ።

ይሄነው «ከሚዛኑ ጀርባ ሦስት ጊዜ ፈልጌ ነበር» አለ።

«አራተኛ መፈለግ ነበረብህ» አልኩት።

ገመዱን ዘረጉት። አርባ ሜትር። አርባ! የተበጠሰው ጫፍ እየተቆረጠ፣ የቀረው እየተደራረበ በተቋጠረ ቁጥር ግማሽ ሜትር ያህል ሲበላ ኖሯል። ቦራ የሮጠው መቶ ስልሳ ሜትር ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ሃምሳ ሁለት ኪሎ ሜትር። ለፈረስ ትልቅ ነገር ነው፤ ለርእሴ ግን ውርደት።

ያን ሜትር ታኅሣሥ ላይ ማንም ባይነካው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አንዳንድ ሰው ይሉኝታ የለውም።

የካቲት 10፣ ሐሙስ

መምህር ዓባይነህ በሩን ዘጋ። «እናስተካክላለን። ግን የካቲት 19። ምዝገባው በተዘጋ ማግስት።»

ቤዛዊት ቆማ ነበር። «ቲቸር፣ ያኔ ለመዘገብናቸው ልጆች መጀመሪያ የምናስተምራቸው ምንድን ነው? ፍጥነት ነው ወይስ መጠበቅ?»

«ልጄ፣ ክፍሉ ከሌለ የምታስተካክይውም የለም።»

እሱም ልክ ነው። እሷም ልክ ናት። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ልክ ሲሆን ቁልፉን የያዘው ሰው ነው የሚቸገረው። ቤዛዊት ስትወጣ አንገቴን አየች። ቁልፉን ማለቴ ነው።

ከሰዓት በኋላ ማስተካከያውን ሞከርኩት።

አንደኛው፦ «በአየር ጠባይ ምክንያት የቦራ ፍጥነት በመጠኑ ቀንሷል።» ቀደድኩት።

ሁለተኛው፦ «ሚኒባሱ ከተጠበቀው በላይ ፈጥኖ ተገኝቷል።» ይሄን ለራሴ ሳቅሁበትና ቀደድኩት።

ሒሳብ ክፍል ጸሐፊ አለው።

የካቲት 13፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አያ ቢሻውን ከሩቅ አየኋቸው። ቦራ ላይ ሆነው ለሁለት ሰዎች ያወራሉ፤ እጃቸው በአየር ላይ ስድስት ሲጽፍ፣ ከዚያ አምስት ሲጽፍ ይታያል። መንገድ ቀየርኩ።

እኒህ ሰው በእኔ ማኅተም ነው የሚምሉት።

የካቲት 14፣ ሰኞ

ለጠፍኩት። ሳልማከር፣ ጠዋት በጉሙ ውስጥ።

«ባለፈው ስልሳ አምስት ያልነው ሃምሳ ሁለት ነው። የለካንበት ገመድ ሃምሳ ሜትር ሳይሆን አርባ ነበር፤ ከብዙ ዘመን አገልግሎት የተነሣ በቋጠሮ አጥሯል። ሳንፈትሽ የተጠቀምነው እኛ ነን። ጥፋቱ የክፍሉ ነው። የላብራቶሪው ሜትር በዚያን ሰሞን በቦታው አልነበረም።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ጨምሬ አጠፋሁ፣ አጥፍቼ ጨመርኩ። «ለምን አልነበረም» የሚለው ቦታ አልበቃም።

መምህር ዓባይነህ አነበበው። «ፊደሉ ትልቅ ነው» አለኝና ሄደ። እስከ ዛሬ ከተቆጣኝ ሁሉ ይሄ ይብሳል።

የካቲት 16፣ ረቡዕ

አሥራ ስድስት። የባዮሎጂ ልጆች በእኛ መስኮት ሲያልፉ ልጓም እንደሚስብ ሰው ያደርጋሉ። ሽባባው ለአጎቱ ፊቱን ማሳየት ስላልቻለ ዘንገና አልሄድም ብሎ ከጓደኛው ዘንድ ነው የሚያድረው። አሁን የሚያረፍደው ከቅርብ ነው።

የካቲት 17፣ ሐሙስ

አሥራ አራት።

ይታይሽ በነፃ ሻይ ሰጠችኝ። ይታይሽ በነፃ ከሰጠች ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው። መሳቢያዬን አጸዳሁ፤ ለማጽዳት ያህል።

የካቲት 18፣ ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ምዝገባው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። አያ ቢሻው ቦራን ከዋናው በር ላይ አስረው ገቡ። በትከሻቸው ገመዱ፤ ሽባባው መልሶ ልኮላቸው ነበር። በብብታቸው ደግሞ መስተዋት ውስጥ የገባው የእኔ ወረቀት፣ ከነማኅተሙ። ከኋላቸው ታናሽ ወንድማቸው። ከዚያ ወንድማቸው ኋላ የኮሌጁ ግማሽ።

ሰሌዳው ፊት ቆመው ምህረቴን አስጠሯት። ማስተካከያውን አነበበችላቸው። አንድ ጊዜ ብቻ።

«ይህን የጻፍሽው አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አያ።»

«ገመዴ አጭር ነው ነው የምትይው?»

«ገመዱን ነው፣ እርስዎን አይደለም…»

«እኔና ገመዴ ተለያይተን አናውቅም» አሉ። «ልኩልኝ። ሰው እያየ።»

ይሄነው ሜትሩን አመጣ። ምህረቴ አንዱን ጫፍ ያዘች። ሽባባው ከሰው መሃል እንደተደበቀ አጎቱ በዱላ ጠቁመው አወጡትና ሌላውን ጫፍ አስያዙት። ገመዱ ተዘረጋ። ይሄነው ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ «አርባ» አለ፣ በዝቅተኛ ድምፅ።

አያ ቢሻው ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄዱ ቋጠሮውን በጣታቸው ቆጠሩ። ሃያ ሦስት። ከዚያ ቆመው ለምህረቴ በአዊኛ አንድ ነገር አሏት። ልጅቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

ሽባባው ተረጎመልን፤ ድምፁ ግን ለሳቅ ይሁን ለለቅሶ አልወሰነም። «ለኪ ድርሻውን መጨረሻ ይወስዳል፣ ወጉ ነው፣ ነው የሚሉት። ወንድሞቻቸው ጎጆ በወጡ ቁጥር ድርሻቸውን ለክተው ሰጡ። ያኔ ቋጠሮው ጥቂት ነበር። የራሳቸውን የለኩት አምና ነው፣ በዚህ ባጠረው።»

አያ ቢሻው በአማርኛ ጨረሱት። «እንግዲህ ሌባውም እኔ፣ የተሰረቅሁትም እኔ።» ወደ ታናሽ ወንድማቸው ዞሩ። «የጎደለኝ በማን እርሻ ውስጥ እንደሚታረስ ደግሞ አውቃለሁ።»

ወንድምየው የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

«ለፈረሴም አትዘኑ» አሉ። «ያን ቀንም የሮጠው ይህንኑ ነው። የቀነሰው ወረቀቱ እንጂ ቦራ አይደለም። አሁን፣ የእኔን መሬት በዚህ በማይቋጠረው ማን ይለካልኛል?»

መምህር ዓባይነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተማሪዎቻችን ይመጣሉ፣ አያ። ክፍሉ ካለ።»

«ካለ ማለት ምን ማለት ነው?»

«አንድ ሰው ጎድሎናል።»

ሽማግሌው ምህረቴን እንኳን አላዩአትም። የሰው ፈረስ እንደማይጎትት ሰው ገመዳቸውን መጠቅለል ያዙ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የቢሮዬ በር ተንኳኳ። ምህረቴ ናት፣ ቅጿን ይዛ።

«እትዬ፣ ባዮሎጂ የሚለውን በምን ላጥፋው?»

ፍሉዱን ሰጠኋት። እስኪደርቅ ድረስ ሁለታችንም እፍ አልንበት።

«ፊዚክስ ምን ጨመረ አላልሽኝም ነበር?» አልኳት።

«መቀነስም ይችላል ለካ» አለችና ጻፈች።

አሥራ አምስት።

የካቲት 21፣ ሰኞ

ዲኑ ፈረመ። ሒሳብ ክፍል ጸሐፊውን ይዞ በሰላም ይኑር።

ቅዳሜ ተማሪዎቹ ዘንገና ወርደው የአያ ቢሻውን መሬት ለኩ። ሽባባው ቀድሞ ደረሰ፤ ቤቱ ነውና እንደ መቅደም አይቆጠርለትም ብላለች ቤዛዊት። ወንድማማቾቹ በሽማግሌ ሊጨርሱት ነው፤ ሽማግሌው ግን በዚህ ጊዜ አያ ቢሻው አይደሉም። የእኔ ወረቀት አሁንም ቤታቸው ተሰቅሏል አሉ። ማስተካከያውን ከሥሩ ጨምረውበታል፣ ማኅተም አድርጊበት ብለው ልከውብኝ ነበር። አደረግሁ።

ከሰዓት በኋላ ይሄነው ሜትሩን ሲያጸዳ ቆይቶ ቢሮዬ መጣ። በጣቱ መሃል አንድ ክር ይዟል።

«ይህ ከሜትሩ መጠቅለያ ውስጥ ወጣ።»

«ክር ነው» አልኩት።

«ሰማያዊ ነው።» ወደ ብርሃኑ አነሣው። «መጋረጃሽ ደረሰልሽ?»

ስለ መጋረጃዬ ለይሄነው ነግሬው አላውቅም። የነገርኩት ለይታይሽ ብቻ ነው።

ጆሮዬ ጋለ፤ በብርድ ላሳብብ ብል ዛሬ ፀሐይ ነበር። የላብራቶሪው መዝገብ ላይ ይጽፈኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ክሩን አጥፎ የሹራቡ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ዕቃ ከላብራቶሪ አይወጣም፣ ስሜነሽ። ሰው ግን ይወጣል። ሌላ ጊዜ የሚለካ ነገር ካለሽ ንገሪኝ፣ እኔ መጥቼ እለካልሻለሁ።»

«አንዲት መስኮት ቀርታኛለች» አልኩት።

ቅዳሜ ይመጣል። እስከዚያ ሁለተኛ መስኮት ከየት እንደማመጣ አላውቅም።